የሃያ ስድስት ቀን ስሌት

ምንይሉ የአባቱን ሞት የተረዳው በ1996 ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። የትውልድ አገሩ፣ የሰቆጣው ዝቋላ ሰዎች መርዶ ያውቁበታል። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቹ አራት ሆነው በሩን አንኳኩ፣ አረዱት፣ አስለቀሱት፣ ፊቱን አጠቡትና ደግፈው አውቶቡስ ላይ ጫኑት። ለማን ተናግሮ፣ ምን አደራ ብሎ!

አደራ የሚለው ነገር ግን ነበረው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አንድ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ያሰላለት ነበር። ዕፅዋት ብርሃንን የሚለዩበት ፕሮቲን አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት አንዲት ኤሌክትሮን ከቦታዋ ተነሥታ ወደ ጎረቤቷ ትሻገራለች። በየት በኩልና በምን ፍጥነት እንደምትሻገር ማስላት የምንይሉ የመመረቂያ ሥራ ነው። ስሌቱ ሃያ ስድስት ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከአንድ ነው። ማሽኑ ደግሞ የውሰት ነው፤ ሰኔ ሠላሳ ይመለሳል። መርዶው የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነበር።

ስለዚህ ዝቋላ ላይ ሙሾ ሲወርድ እሱ በልቡ ቀን ይቆጥር ነበር። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። መብራት ጠፍቶ ይሆን? አንዱ ነካክቶት ይሆን? አባቱ አፈር ገብቶ እሱ ስለ ኤሌክትሮን ያስባል! በራሱ አፈረ፤ መቁጠሩን ግን አልተወም።

ሰልስቱ እንዳለፈ ሊደውል ሰቆጣ ወጣ። አጎቱ ካሤ «ሐዘንተኛ ብቻውን አይሄድም» ብለው ተከተሉት። ቴሌ ተመዝግበው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ጠበቁ። በመጨረሻ መስመሩ ተገኘ። ያነሡት የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ እማማ ጸሐይነሽ ናቸው፤ እሳቸውም የሰቆጣ ሰው ናቸው።

«ምንይሉዬ! እግዜር ያጥናህ ልጄ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። እማማ፣ ያ የኔ ማሽን... እየሠራ ነው?»

«እሱን አታስብ። መርዶህን የሰማሁ ዕለት በእጄ አጠፋሁት። አባትህ ሞተውብህ እሱ ሲጮህ ይደር እንዴ? ሐዘን ቤት እኮ ራዲዮ እንኳ አይከፈትም። አንዱ ተማሪ ሊከፍተው ቢመጣ፣ አታፍርም ወይ ብዬ አባረርኩት።»

ምንይሉ ቀኑን ቆጠረ። ዛሬ ሰኔ ስድስት ነው። አሁኑኑ ቢጀመር እንኳ ለሰኔ ሠላሳ አይደርስም። ይቆጣ? ማንን? ከዚያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ሰው መካከል ለአባቱ ያዘኑት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው። ምን እንዳደረጉ ቢነግራቸው ዕድሜ ልካቸውን ይጸጸታሉ።

«ትሰማኛለህ? እስከ አርባቸው ማንም አይነካውም ብያለሁ። ነጠላዬን አልብሼዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ። ከልቡ ነበር፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው።

ሲወጣ አጎቱ ፊቱን አይተው ደነገጡ።

«ምን አሉህ?»

«አልቅሰውልናል» አለ ምንይሉ።