ውሃ የገባበት አልኮል

ቱቦውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ምንም የለም። አዘንብላ ደግማ አየችው፤ አሁንም ባዶ ነው። ይሄ ደግሞ የሰነበተ አጥንት አይደለም፣ ለሙከራ የወሰደችው የራሷ ምራቅ ነው። ቆማ የምትተነፍስ ሴት ዲኤንኤ የላትም እንዴ?

ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ሥራ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። የአጥንቱ ዱቄት በፈሳሽ ይዘፈዘፋል፣ ጨው ይገባበታል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ንጹሕ አልኮል ይጨመርበታል። ዲኤንኤ ከአልኮል ጋር አይስማማም፤ ማሽኑ ሲያሽከረክረው ከቱቦው ስር ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ፈሳሹ ይደፋል፣ ነጥቡ ይቀራል። አልኮሉ ውሃ ከበዛበት ግን ዲኤንኤው እንደሟሟ ይቆይና ከፈሳሹ ጋር አብሮ ይደፋል።

ከአልኮሉ ጠርሙስ ጥቂት በሰሃን ቀድታ ክብሪት ለኮሰችበት። ንጹሕ ቢሆን ቦግ ይል ነበር። ክብሪቱ ጨሰና ጠፋ።

አልኮሉ የሚቀመጥበት የዕቃ ክፍል ቁልፍ ከእሷ ሌላ ያለው ጽዳት ሠራተኛው ጋ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ጋ። እናታቸው ልትሞት ስትል አደራ ያለቻት እሱን ነው። መጠጥ ትቷል ብላ፣ አለቃዋን ደጅ ጠንታ ያስቀጠረችው ራሷ ናት። አበጀች!

ኮሪደር ሲወለውል አገኘችው። ጠርሙሱን ስታሳየው ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

"በትንሽ በትንሹ ነው እኮ የወሰድኩት፣ እትዬ" አለ። "እንዳይጎድልብሽ ብዬ ውሃ ሞላሁበት።"

እንዳይጎድልባት! ለእሷ አስቦ መሆኑ ነው።

"ትናንት ወስደህ የደፋኸው ፈሳሽ ምን እንደነበር ታውቃለህ?"

አያውቅም ነበር። ነገረችው። ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ልጅ ከዓመታት በፊት አሸዋ ሲቆፍር አፈር ተንዶበት ጠፍቷል። ከጉድጓዱ የወጣው አንድ የጣት አጥንት ብቻ ነው። የልጃቸው ከሆነ ቀብረው ሊያለቅሱ፣ ካልሆነ ሊጠብቁት፣ መልስ ለመስማት መጥተዋል። አጥንቱ ግን ተፈጭቶ አልቋል፤ የመጨረሻው ዱቄት ትናንት ተሠርቶ ተደፋ።

ወንድሟ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ሁለተኛ አይለምደኝም። የእናቴ አጥንት ይውጋኝ!"

"አጥንት አትጥራብኝ።"

ለአለቃዋ ከነገረች እሱ እንደሚታሰር፣ እሷም ከሥራ እንደምትባረር እያንሾካሾከ ነገራት። ከዚያ እጇን ያዘ። "ምንም አልተገኘበትም በያቸው፣ በቃ። ማን ያውቃል?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። አጥንቱ ተጎድቶ ነበር ብትላቸው ሴትዮዋ አምነዋት፣ መርቀዋት ነው የሚሄዱት። አንጀቷን የቆረጠው ይሄ ነው። እውነቱን ብትነግራቸውም የሚመለስ ነገር የለም፤ ልጃቸው ይሁን አይሁን ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው የለም።

መወልወያውን ከእጁ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ጠርሙሱን አስጨበጠችው።

"አለቃ ጋ ነው?" አለ ፈርቶ።

"እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እሳቸው ጋ። እኔ ስነግራቸው አጠገቤ ትቆማለህ።"

ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ሴትዮዋ ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ አዩና፣ እንዲቀመጡ ብለው አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉላቸው።