ከኳዛሩ አጠገብ የነበሩት አምስት ነጥቦች

አባቴ መሐመድአሚን ኡራኤል አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ኢንተርኔት የማገኘው እዚያ ስለሆነ፣ የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ከማሽኑ ጎን ተቀምጬ ነው። ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ኢኽላስ ሰማዩን ኤክስሬይ ታነሳለች» ይላል። የሚያነሳው ሕዋ ላይ ያለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው፣ እኔ የተነሳውን ነው የማነበው ብዬ ብዬ ደከመኝ።

የማነበው የአንድ ኳዛር ምስል ነበር። ኳዛር ዙሪያውን ያለውን ጋዝ እየዋጠ የሚያበራ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ የዚህኛው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል። ቴሌስኮፑ ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጦበት የለቀመው ሃያ አንድ የብርሃን ቅንጣት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምስሉ ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አማካሪዬ ዶክተር አረጋዊ «ዙሪያውን ተዪው፣ ኮተት ነው» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ዙሪያውን ስበረብር አምስት ነጥቦች ተጠጋግተው አገኘሁ። እዚያ ቦታ በአጋጣሚ አንድ ቢገኝ እንኳ ብዙ ነው። በአቧራ የተሸፈነ ሁለተኛ ጥቁር ጉድጓድ ነበር። ሦስት ሳምንት ደጋግሜ አሰላሁት፤ አልጠፋም።

«አዲስ ነገር አግኝቻለሁ» ብዬ ለዶክተሩ ኢሜይል ስጽፍ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።

«ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል? ተዪው ያሉሽን አገኘሁ ስትዪ፣ በቃ፣ እርስዎ አላዩም ማለትሽ'ኮ ነው። ‹ምናልባት የኔ ስህተት ይሆናል፣ እርስዎ ይዩት› በይ።»

«አባ፣ ስህተት አይደለም'ኮ።»

«እሳቸውም ያውቁታል። ማለቴ፣ ጨዋነት ነው። ዝቅ ብትዪ ምን ትሆኛለሽ?»

ይሉኝታ ያዘኝና እንዳለው ጻፍኩ፤ አምስቱን ነጥቦች በክብ ያሰመርኩበትን ምስል አያይዤ ላክሁት። መልስ አልመጣም።

በዘጠነኛው ወር ግኝቱ አንድ የውጭ ጆርናል ላይ ወጣ። አምስቱ ነጥቦች እኔ ባሰመርኩት ክብ ውስጥ እንዳሉ፣ በዶክተር አረጋዊ ስም ብቻ። ደሜ ፈላ፤ ለዩኒቨርሲቲው አቤቱታ አስገባሁ። ዛሬ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ጠራኝ። ሰብሳቢዋ ኢሜይሌን ጮክ ብለው አነበቡት።

«‹ምናልባት የኔ ስህተት ይሆናል።› የአንቺ ቃል ነው?»

«ለአክብሮት ብዬ ነው።»

«አንቺ ስህተት ያልሽውን እሳቸው መርምረው እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ታዲያ ግኝቱ የማን ነው?»

እሳቸውም ተጠርተው ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ዶክተር አረጋዊ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሌባ! ብዬ መጮህ አምሮኝ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ፤ ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው።

ሱቁ ስደርስ ሥራውን ትቶ ወንበር ሳበልኝ። ጆርናሉ ላይ ስሜ ሲገባ ጽሑፉን አትሞ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ወፍራም ወረቀት ገዝቶ እንዳስቀመጠ አውቃለሁ።

«ምን አሉሽ?»

«የሳቸው ነው አሉ።»

«እንዴት? ያን ኢሜይልሽን አላዩትም እንዴ? እንደዚያ በጨዋ ደንብ ጽፈሽ!»

ፊቱን አይቼ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

«አላዩትም፣ አባ።»

«እኔም'ኮ ገርሞኛል!» አለና ያኔ አትሞ ያስቀመጠውን የኢሜይሌን ቅጂ ከመሳቢያው አወጣ። «ነገ ራሴ እወስድላቸዋለሁ። ስንት ናቸው?»

«አምስት» አልኩት። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስተካክሎ አስተኛና አምስት ቅጂ አነሳ።