ከፕላስተሩ ወዲያ ያለችው ብልቃጥ

ዳኛው ቤቱን አካፈላቸው፤ ላቦራቶሪውን ግን ማን ያካፍላቸው? እሷ ከቅጠል ፍላቮኖይድ የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ታወጣለች፣ የቀድሞ ባሏ ደግሞ ያወጣችውን በህዋሶች ላይ ይሞክራል። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። እሷ ሆዬ ጠረጴዛውን መሃል ለመሃል በነጭ ፕላስተር ከፈለችው። ከዚያ ወዲህ ቃል አይለዋወጡም፤ የግድ የሚባል ነገር ካለ በአለቃቸው በኩል ነው።

አለቃው ቁርጡን ነግሯታል። ይህች የመጨረሻዋ ናሙና ህዋሶቹን ከጉዳት ካላዳነች የእሷ ምርምር ይዘጋል። ቅጠሉም አልቋል። እሷ ግን ቅንጣት አልፈራችም። እስከ ዛሬ ሞለኪዩሏን ህዋስ ውስጥ እንዳትገባ የያዛት የተለጠፈባት ስኳር እንደነበር ደርሳበታለች፤ ቆርጣ ጣለችው። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሃይድሮክሲሎች፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶቹን፣ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀቻቸው። የሞለኪዩሏ ጉልበት እነሱ ናቸው፣ አንዱ ከተነካ ከንቱ ናት። ጣጣዋም እነሱው ናቸው፤ እንደ ሳሙና ውሃ አልካላይነት ባለው ፈሳሽ ተበጥብጣ ብርሃን ላይ ከዋለች ትጠቁርና ትሞታለች። ይህን ለእሱ መናገር ነበረባት።

"አይጠይቀኝም? አፍ የለውም?" አለችና የናሙናዋን ግማሽ ከፕላስተሩ ወዲያ ገፋችለት። ግማሹን ፍሪጅ ከተተች።

እሱ በጠዋት እንደ ልማዱ አልካላይነት ባለው ፈሳሽ በጥብጦ ብልቃጧን መስኮት ስር አቆማትና ስብሰባ ሄደ። ቢጫው ፈሳሽ ዓይኗ እያየ ቡኒ ሆነ። አቤት ደስታዋ! እጇን ብትዘረጋ ትደርስባታለች። አልዘረጋችም። ይዋረድ፣ ይበለው፣ አለች በሆዷ።

ከሳምንት በኋላ አለቃው ሁለቱንም ጠራቸው።

"አልሠራችም" አላት።

ሳቀች። "ገድሏት ነዋ! ብርሃን ላይ አቁሞ አጠቆራት። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

የቀድሞ ባሏ ከፍቺው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። "አይተሽ ዝም አልሽ?"

"ሰው ብትሆን ትጠይቅ ነበር! ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ራሴ እበጠብጠዋለሁ።"

አለቃው አንገቱን ደፋ። የቀድሞ ባሏ ግን አልደፋም።

"የለም" አለ። "ውጤቱ እንዲያ ሲሆን፣ እሷ ይህን ያህል አትሳሳትም፣ ጥፋቱ የኔ ይሆናል ብዬ አለቃን አስፈቅጄ ደገምኩት። የፍሪጁን ጨረስኩት።"

"እንዴት አድርገህ በጠበጥከው?" አለችው።

"እንደ ፊተኛው። ማን ነገረኝና?"

ስድብ ፈለገች። ለእሱ ያስቀመጠችው ስድብ ሞልቷታል፣ ግን አንዱም ለዛሬ አልሆናትም። ወደ ላቦራቶሪው ሮጣ ፕላስተሩን በጥፍሯ ትልጠው ጀመር።

"ተይው" አላት ከበሩ። "ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛው በሙሉ የኔ ነው። እኔ አነሳዋለሁ።"