የቆመ መኪና በር

እኔ ብስክሌት እጠግናለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ የታክሲ ሹፌር ነው። ትናንት መንገድ ዳር አቁሞ፣ ወደ ኋላ ሳያይ በሩን ሲከፍት፣ አንዲት ፖስታ አዳይ ከነብስክሌቷ ተላትማ ወደቀች። እጇ ተሰብሯል። ዛሬ ጠዋት ቸርኬው የተጣመመውን ብስክሌቷን ይዞልኝ መጣ።

«ከሰማይ ዱብ አለችብኝ እኮ» አለ።

ደሜ ፈላ። ታላቄ ነውና ጥርሴን ነክሼ ቸርኬውን አቃናሁ።

«በል ጋሼ፣ ቤቷ ድረስ እየነዳህ አድርስላት።»

«ታክሲዬ ላይ እጭነዋለሁ።»

የታክሲውን ቁልፍ ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩ። «ብስክሌቱ ላይ ወጥተህ ነው የምትሄደው።»

ከሰዓት በኋላ በእግሩ ተመለሰ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቁልፉን ስሰጠው ቶሎ አልተቀበለኝም።

«ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ነድቻለሁ» አለ። «የቆመ መኪና ሁሉ በር እንዳለው ያወቅሁት ዛሬ ነው።»