ከውጭ የማያሳየው

እሱባለው እሺ ብሎ አያውቅም። ጥሩወርቅ ስለ ናርዲ አንድ ነገር ስትጠይቀው መልሱ ሁሌ «እናያለን» ነው። ማየቱን ግን አያይም። ያን ቀን ግን «ለወንድምህ ለለይኩን ቀለበት ናርዲን ይዘናት ነው የምንሄደው፤ ፀሐዩ ይጎዳታል ካልክ የመኪናውን መስታወት አስጠቁረው» ስትለው፣ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ «እሺ» አለ።

እሺታው ያኔውኑ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። ሞኝ።

ናርዲ ሰባት ዓመቷ ነው። አልቢኖ ናት። እናትም አባትም ጠይም፣ እሷ ወተት። ፀጉሯ የደረሰ ገብስ ይመስላል፣ ዓይኗ ብርሃን አይችልም፣ ቆዳዋ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልቶ ይላጣል። የጅማው ሰፈራቸው ቦሳ ኪቶ ለምዷታል። ጎረቤታቸው ዘሀራ ሱቋ ውስጥ ከጎኗ አስቀምጣ ለገዢው ሁሉ «የኔ ጨረቃ» እያለች ታስተዋውቃታለች። የማያውቃት ልጅ «ፈረንጅ!» ብሎ ከጮኸባት ጫማዋን አውልቃ የምታባርረውም ዘሀራ ናት።

አሰንዳቦ ግን፣ ያባቷ አገር፣ ሄዳ አታውቅም። አያቷ አንዴ ብቻ ነው ያዩዋት፣ ለክርስትናዋ። አዩዋት፣ አማተቡ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲህ «ፀሐዩ ይከብዳታል» እየተባለ ዓመት ዓመትን ወለደ። አሁን የእሱባለው ታናሽ ወንድም ለይኩን ቀለበት ሊያስር ነው፣ እዚያው አሰንዳቦ፣ በእጮኛው በዮርዲ ቤት። ለይኩን ጅማ ሲመጣ ናርዲን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው ሰፈሩን የሚያዞራት። «የአጎቴን ቀለበት ካላየሁ» ብላ አልቅሳለች።

ሦስቱም ሪያድ ጋ ሄዱ። መስታወት የሚያለብስ ልጅ ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ጥቅል ጥቅል ላስቲክ።

«ግቡ ግቡ! ለዚች ቪትስ ነው? ማሻአላህ፣ ሙሽራ አይደለች እንዴ! ምን ያህል ትጥቆርላችሁ?»

«በጣም» አለ እሱባለው።

«በጣም ነው በጣም በጣም?» ሪያድ ቁርጥራጭ ናሙናዎቹን እንደ ካርታ ዘረጋቸው። «ይሄ ሃምሳ ነው። ይሄ ሠላሳ አምስት። ይሄ ሃያ። ይሄኛው አምስት። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚጠቁረው። አምስቱን ከለጠፍኩልህ ውስጥ ዝሆን ብትጭን ወላሂ አይታይም።»

«አምስቱ ይሁን።»

«ቆይ እንጂ ብራዘር። ትራፊክ እኮ አለ። እዚያው አስፋልት ላይ አቁሞ በጥፍርህ ነው የሚያስልጥህ።»

«ለትራፊኩ መልስ አለኝ።»

ጥሩወርቅ ጣልቃ ገባች። «ለልጅቷ ነው የምናስለጥፈው። ፀሐይ እንዳያቃጥላት። የቱ ነው የሚሻላት?»

«እሱን ነዋ መጀመሪያ መናገር!» ሪያድ ከጀርባው ሌላ ጥቅል ሳበ። ሲያዩት ተራ መስታወት ነው። «መጥቆር ሌላ፣ ፀሐይ መከልከል ሌላ። ያኛው ቀለም ነው፣ ራሱ ይግላል። ይሄ ግን ሙቀቱን ይመልሰዋል። ኮቱ፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ናርዲ በሩ ጋ መጣች። በአንዱ እጇ ላይ ጥቁሩን፣ በሌላው ላይ ነጩን ይዞላት ወደ ፀሐዩ አወጣቸው።

«የቱ ነው የሚያቃጥለው?»

«ጥቁሩ» አለች። «ይሄኛው ደስ ይላል። ደግሞ ሰው ያሳያል።»

«ጥቁሩን አድርገው» አለ እሱባለው።

«እሱባለው! ልጅቷ ራሷ እኮ እየነገረችህ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጥሩዬ፣ አንቺ ቀሚስ ስትመርጪ ገብቼብሽ አውቃለሁ?»

ሪያድ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «እኔ በባልና ሚስት መሃል የለሁበትም። እኔ ለጣፊ ነኝ» ብሎ የሳሙና ውሃውን አነሳ።

ተለጠፈ። የፊቱ ብቻ ቀረ፤ የኋላው በሙሉ ጥላሸት ሆነ። ክፍያ ሲያልቅ እሱባለው ናርዲን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣትና በሩን ዘጋባት። ወደ ውጭ ወጥቶ መኪናውን ዞረው። ግንባሩን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ፣ በሁለት እጁ ዓይኑን ጋርዶ አየ።

«ናርዲ! ተነሽና እጅሽን አውለብልቢ!»

ከውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ። «እያውለበለብኩ ነው!»

«በደንብ አውለብልቢ!»

«በሁለት እጄ እኮ ነው!»

እሱባለው ቀና አለ። ፊቱ በራ። ጥሩወርቅ እንዲህ ሲፈታ ካየችው ቆይታለች።

«ጎበዝ! ምንም አትታዪም!»

ናርዲ ጨዋታ መስሏት ስትስቅ ተሰማ። ለጥሩወርቅ ግን ያኔ ነው የገባት። ሰውየው ሲመርጥ የነበረው ጥላ አልነበረም። መጋረጃ ነው።

ልናገር ስትል ልጅቷ ትሰማለች፣ ልናገር ስትል ሪያድ ቆሟል። ይሁን፣ ተሳስቼ ይሆናል አለች። ሰው እንዳልገባው መሆን ሲፈልግ ምን ይሳነዋል።

እሁድ ጠዋት ተነሱ። ሰርቦን እንዳለፉ ትራፊክ እጁን ዘረጋ። እሱባለው ዳር ያዘና፣ ሰላምታም ሳይቀድም፣ የኋላውን መስታወት ቁልቁል ለቀቀው።

«ይኸውልህ አለቃ፣ ልጄ ናት። እያት። ፀሐይ አይስማማትም። ሐኪም ነው በጥቁር ሸፍኗት ያለን።»

ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ አያት። ናርዲ ዓይኗን ጨፍና ብርሃኑን ሸሸች።

«አዬ! ልጅህ ናት?»

«የመጀመሪያዬ ናት። ምን ላድርግ፣ አባት ነኝ።»

ትራፊኩ ቀና አለ። «ዴማ፣ ዴማ፣ ሂዱ። እግዚአብሔር ያሳድጋት» ብሎ መንገዱን አሳያቸው።

መስታወቱ ተመልሶ ወጣ። እሱባለው እያፏጨ ማርሽ ቀየረ። ጥሩወርቅ ወደ እሱ ዞረች።

«‹ልጄ ናት› ስትል ሰማሁህ።»

«ልጄ አይደለች እንዴ?»

«ለትራፊክ ናት። አሰንዳቦ ስንደርስስ?»

ፉጨቱ ቆመ። በኋላ ማሳያ መስታወቱ አየ፤ ናርዲ አንገቷን ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ ጥሩዬ። የዮርዲ አባት አቶ ልዑልቃል ሰባት ቤት ቆጥረው ነው ልጅ የሚሰጡት። ዘር ይጠይቃሉ። እነ እማዬ ሽማግሌ ሲልኩ ‹ትልቁ ገና አልወለደም› ብለዋል። አሁን ይቺን ቢያዩ ‹ይሄ በዘራቸው አለ› ነው የሚሉት። የለይኩን ነገር አበቃ ማለት ነው። ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ ይወቁ።»

«ገና አልወለደም?»

«በአፍ ነው እንጂ።»

«እኔ ያማጥኩት ምንድነው ታዲያ? በአፍ ነው?»

«አትጩሂ፣ ትነቃለች። ከመኪና አትውጡ ብቻ ነው የምልሽ። ምሳ እልክላችኋለሁ። ለለይኩን ብለሽ።»

ለለይኩን። እዚህች ላይ ያዛት። ለይኩን ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

አሰንዳቦ ደረሱ። ድንኳኑ ደጅ ድረስ ተጥሏል፣ ዘፈኑ አስፋልት ይሰማል። እሱባለው መኪናውን ከአጥሩ ራቅ አድርጎ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ጋ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። «መስታወት እንዳትከፍቱ፣ ፀሐይ ይገባል» አለ። ለናርዲ። ለእሷ፣ ለልጅቷ፣ በአባት ድምፅ። ከዚያ ክራቫቱን አስተካክሎ ሄደ። ጥሩወርቅ ከፊት ወንበር ወርዳ ከኋላ፣ ከልጇ ጎን ገባች።

የዛፉ ጥላ አልቆየም። ዞረና ጥሏቸው ሄደ። ጥቁሩ ላስቲክ ፀሐዩን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ምጣድ ጋለ። የናርዲ ጉንጭ ቲማቲም መሰለ። ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብላታለች።

አንዲት ወጣት፣ ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ከድንኳኑ ወጥታ ቀጥታ ወደ እነሱ መጣች። መስታወቱ ጋ ቆመች። ጎንበስ አለች። ከናርዲ አፍንጫ ፊት ለፊት ከንፈሯን ቀባች፣ ጥርሷን ገልጣ አየች፣ ከጥርሷ መሃል የጎመን ቁራጭ አወጣች። ፊቷን ነው የምታይበት። ናርዲ ምላሷን አወጣችባት። ወጣቷ ቅንድቧን አስተካክላ ሄደች።

«እማ፣ አላየችኝም! ምላሴን እኮ እስከ መጨረሻው ነው ያወጣሁት!»

«አይቻለሁ።»

«አጎቴ ቀለበቱን አደረገ?»

«ገና ነው።»

«ከዚህ ሆኜ እንዴት ነው የማየው ታዲያ?»

ጥሩወርቅ ማራገቧን ቀጠለች። ምሳውም አልመጣም። መኪናው ውስጥ አየር የሚባል ነገር አለቀ። በዚህ መሃል አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ጠጅ ያንገዳገደው፣ እያንጎራጎረ መጣና በኋላው ጎማ ላይ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። ባዶ መኪና መስሎታል።

ጥሩወርቅ በሩን በርግዳ ከፈተችው።

«ያባትህ ሽንት ቤት ነው?!»

«ውይ! ውይ ይቅርታ እናቴ! ሰው ያለ አልመሰለኝም!» ሱሪውን በእጁ ሰብስቦ እየዘለለ ሸሸ።

«ሰው አለ» አለች። ለሰውየው አልነበረም። ጃንጥላውን ዘረጋች፣ የናርዲን ኮፍያ አጠበቀች። «ነይ። ቀለበት እናያለን።»

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ዘፈኑ አልቆመም፤ የሰው ዓይን ግን ቆመ። አማቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። ለይኩን ከዮርዲ ጎን ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ። አቶ ልዑልቃል፣ ሸበቶ፣ ረጅም ሰው፣ ራሳቸው ተነስተው መጡ።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው በር ላይ! የእሱባለው ባለቤት አይደለሽ? በዚህ ፀሐይ!» ጎንበስ አሉና የናርዲን አገጭ ነካ አደረጉ። «ይቺስ ቆንጆ? የማን ልጅ ናት?»

ጥሩወርቅ አፏን ከፈተች።

«የእህቷ ልጅ ናት» አለ እሱባለው። ከየት እንደደረሰ አልታየም። «የጥሩወርቅ እህት ልጅ። ለዕረፍት መጥታ ነው።»

ናርዲ ቀና ብላ አባቷን አየች፣ ከዚያ እናቷን። ለይኩን ከማዶ ጥሩወርቅን ያያል። ዓይኑ ይለምናል። ዮርዲ ምንም ሳታውቅ ክንዱን ይዛ ትስቃለች።

ጥሩወርቅ አፏን ዘጋች። ለይኩን ነው የዘጋው፣ ትላለች ዛሬም። ግን አፉ የእሷ ነው።

አቶ ልዑልቃል ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እንዲያ ነው?» አሉ። ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከሴቶቹ መሃል፣ ከዮርዲ እናት ጎን አስቀመጧቸው። ሴትየዋ ደግ ፊት አላቸው። ለናርዲ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፣ ቆየት ብለው ወደ ጥሩወርቅ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኛ እኮ ሽማግሌ የመጣ ጊዜ ጅማ ሰው ልከን ነበር። ዝም ተብሎ ልጅ ይሰጣል እንዴ? ሰፈራችሁን አስጠይቀናል። ልጅ እንዳላችሁም፣ እንዴት ያለች ልጅ እንደሆነችም ሰምተናል።»

«ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል እንጂ። ባለቤቴ ‹የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን አለበት› አለ። ስሟንም ናርዲ ብለውናል።» ናርዲን አየት አደረጉ። «ዛሬ ምነው የእህትሽ ልጅ ሆነች?»

ጥሩወርቅ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ያውቃል። ያን ሁሉ ጥላሸት የለጠፉት፣ ልጅቷን ያበሰሉት፣ እሷ አፏን የዘጋችው ለሚያውቁ ሰዎች ነው። አቶ ልዑልቃል ከማዶ እሱባለውን እያዩት ነው፤ ሰው የገዛው በግ ቤት ሲደርስ ሲያነክስበት የሚያየው ዓይነት አተያይ።

እሱባለው ይሄን አላየም። እፎይ ብሏል። ላቡን ጠርጎ፣ ለስላሳ ከፍቶ፣ በሰው መሃል እየተሽሎከለከለ መጣና ጠርሙሱን ለናርዲ ዘረጋላት። ማካካሻ መሆኑ ነው።

ናርዲ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንዲህ አድርጊ ብላ ያስተማረቻት ጥሩወርቅ ራሷ ናት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

እሱባለው ደነገጠ። ለአንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና፣ ሰው መስማቱን አረጋግጦ፣ አናቷን ዳበሰ። «ጎበዝ» አላት።

ጥሩወርቅ ብድግ አለች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

«አባትሽ ነው!»

ዘፈን የሚያወጣው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አማቷ «ኧረ በስመ አብ» አሉ። ለይኩን ጭንቅላቱን ያዘ።

«አባትሽ ነው ናርዲ። ጋሼ አይደለም። አባትሽ ነው!»

አቶ ልዑልቃል ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጅቷን ጠሯት። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ የኔ ልጅ። ይሄ ሰው አባትሽ ነው?»

ናርዲ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እሳቸውን አላየችም። እናቷንም አላየችም። ዓይኗን አጥብባ ወደ እሱባለው አየች፣ ምን እንድትል እንደሚፈልግ ለማወቅ።