ያልቆመበት ቀን

ያን ጊዜ የመሣሪያ ጠጋኞች የኢንተርኔት መድረክ ሰው የሞላበት ቤት ይመስል ነበር። ኢንተርኔቱ እየተንፏቀቀ ገጹን እስኪከፍት የአየር ጠባይ ተመልካቿ ጠረጴዛዋን ወልውላ ትጨርሳለች፤ ሲከፈት ግን መልካቸውን የማታውቃቸው ሰዎች በየቅጽል ስማቸው እየተጨቃጨቁ ይጠብቋታል። ከሁሉም የሚፈራው ካቻቪቴ የሚባለው ነበር። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠያቂውን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል ይሉታል።

እሷን ወደዚያ የወሰዳት ጭንቅ ነው። የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያውን የተረከበችው ከአጎቷ ነበር። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት የሙቀቱን ልክ በእጃቸው ሲጽፉ አንድ ቀን አላጎደሉም። እሷ ስትረከብ በራሱ የሚመዘግብ የኤሌክትሪክ ሳጥን መጣ፤ ሳጥኑም ከቅርብ ቀናት ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየቆመ መዝገቡን ወንፊት አደረገው። ዋናው መሥሪያ ቤት በሳጥኑ ከተመዘገበው ሌላ አይቀበልም። ደብዳቤያቸው አጭር ነበር፦ ከመጪው ወር ጀምሮ መዝገቡ አንድ ቀን ከተቋረጠ ጣቢያው ይዘጋል። ወሩ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«የሙቀት መለኪያ ዘንግ በአስቸኳይ ፈልጌ ነበር፤ የኔው ተበላሽቷል። የት ይገኛል?» ብላ ጻፈች።

ካቻቪቴ መለሰ። «ወዳጄ፣ መድኃኒት ይጠይቁኛል፤ በሽታውን አልነገሩኝም። ምን አዩ? መቼ አዩ? ምን ነካኩ?»

«ይሄ ሰውዬ መርማሪ ነው እንዴ?» አለች።

አጎቷ ጡረታ ከወጡም በኋላ በየቀኑ እየመጡ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን እየጠረጉ «ምን አለሽ?» አሏት።

«ምን አየሽ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። እንደገና ጻፈች፦ መዝጋቢው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይቆማል፣ አሥራ አንድ ላይ በራሱ ይነሳል፤ ባትሪውንም ገመዱንም ቀይሬ ለውጥ የለም።

የካቻቪቴ መልስ አንድ መስመር ነበር። «ያልቆመበት ቀን አለ?»

ጥያቄውን ጮክ ብላ አንብባ «የለም» ብላ ልትጽፍ ጣቷን አነሳች።

«መዝገቡን አይተሽ ነው?» አሉ አጎቷ።

«በየቀኑ ነው እኮ የሚቆመው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሰማይን ለስምንት ከፍዬ ስንቱን ደመና እንደሸፈነው ስቆጥር የኖርኩት፣ አንቺ ‹በየቀኑ› ብለሽ እንድታልፊው ነው?»

አፈረች። መዝገቡን ገልጣ በወረቀት ላይ ቀን በቀን ጻፈች፦ የቆመበት ሰዓት፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የደመናው መጠን። መቆም ከጀመረ ወዲህ ካለፉት አሥራ ዘጠኝ ቀናት በሦስቱ አልቆመም። በሦስቱም ቀን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነበር።

«ፀሐይ ናት» አለች ቀስ ብላ። መለኪያው ዘንግ ጓሮ ባለው ነጭ የእንጨት ቤት ውስጥ ጥላ ሥር ነው፤ መዝጋቢው ሳጥን ግን የተሰቀለው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተራራው እስኪሸፍናት ፀሐይ እያጋለች ታቆመዋለች። «ይህን ግድግዳ ያጠላ የነበረው ዛፍ መቼ ነው የተቆረጠው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቅጠሉ ዝናብ መለኪያው ውስጥ ገባ ብለሽ ራስሽ አስቆረጥሽው። ሃያ ቀን አይሞላውም።»

በዚያው ቀን ሳጥኑን ፈትተው ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዞሩት። መድረኩ ላይ ደንብ ነበረ፤ የጠየቀ ሰው ተመልሶ የሆነውን ሳይናገር አይሄድም። ዛፉን ያስቆረጠችው እሷ መሆኗን እንኳ ሳትደብቅ ጻፈች። ካቻቪቴ «ጥሩ አይተዋል» አላት። ለአጎቷ ስታነብላቸው «የሰውዬው አገር ወዴት እንደሆነ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ፤ ጠየቀች። «ይህ ጥያቄ መሣሪያን አይመለከትም» የሚል መልስ መጣ። አጎቷ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ወሩ በጠራ ሰማይ ገባ። ስምንት ተኩል ላይ አጎቷ አግዳሚውን ጎትተው ሳጥኑ ፊት ተቀመጡ፤ እሷም አጠገባቸው።

«ዘጠኝ ሆነ» አለች።

«አትንኪው። ዝም ብለሽ እዪ።»

ሳጥኑ ላይ የሚታየው የሙቀት ቁጥር ተቀየረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተቀየረ። አሥራ አንድ ሲሆን አጎቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና «ነገም እመጣለሁ» አሉ፤ መጡም። ወሩ እስኪያልቅ አንድም ቀን አልቀሩም። ጣቢያው አልተዘጋም።

መድረኩ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ አጎቷም የሉም። እሷ ጡረታ ልትወጣ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ወጀብ አይታለች፣ ጣራ የነቀለ ነፋስም መዝግባለች። የሚናፍቃት ግን የዚያ ወር ሠላሳ ከሰዓት በኋላዎች ናቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳጥኑ ሳይቆም፣ ምንም ሳይሆን ሲቀር በዓይናቸው ያዩባቸው።