በሞታችን

ዶክተር ምንትዋብ ምግብ ትተው በሻይ ብቻ መዋል በጀመሩ ሰሞን ባክቴሪያዎቻቸውም አንበላም አሉ።

ባክቴሪያዎቹን ዶክተርና ባለቤታቸው አቶ ልሳነወርቅ በወጣትነታቸው ከአፋር ፍል ውሃ ቀድተው ያመጧቸው ናቸው። የሚያመነጩት ኢንዛይም የቆዳ ፋብሪካ ያለ ኖራ ከቆዳ ላይ ፀጉር እንዲያራግፍ ያስችላል። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ ዕድሜያቸውን ይህን ዘር ሲያሳድጉ፣ ጂኑን ሲያነቡና ሲያስተካክሉ ኖሩ። አቶ ልሳነወርቅ ከፋሲካ በፊት ዐረፉ። ዶክተር ሐዘን ተቀምጠው ወደ ላቦራቶሪው ሲመለሱ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ነበር።

እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ አሁን አንድ ጠረጴዛ እንጋራለን። በሙያችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባክቴሪያው ሳይሆን ሰው ነውና ራሴን ጠረጠርኩ። የባክቴሪያዎቹን ምግብ እንደገና ቀቀልኩ፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ ጨውና አሲዱን አየሁ። እንከን አጣሁለት። በማይክሮስኮፕ ስመለከት ምግቡን ከበው ቁጭ ብለዋል። የቤቱ ባለቤት እጁን እስኪታጠብ የሚጠብቅ እንግዳ እንዲያ ነው የሚቀመጠው።

ዶክተር ባክቴሪያዎቹ ያሉበትን ክብ የመስታወት ሳህን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉ።

"ለምን አትበሉም?"

"እርስዎ ሳይበሉ?" አለ ሳህኑ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

"እኔ ጾም ይዣለሁ።"

"እማማ፣ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ምን ጾም አለ?"

እውነት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሰሞን ነበር። ዶክተር መዋሸት ድሮም አይሆንላቸውም። ሳህኑን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ከጥልቅ ማቀዝቀዣው በመጠባበቂያ የተቀመጡትን ባክቴሪያዎች አውጥተን አቀለጥን። እነዚያም ገና በረዷቸው ሳይለቅ "እማማ በሉ ወይ?" ብለው ጠየቁ። አልበሉም አልኳቸው። እነሱም እንደ ወንድሞቻቸው ምግቡን ከበው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ በሳህኑ ጠርዝ ያሉት እየሳሱ ሄዱ። እየሞቱ ነበር። ሌላ መጠባበቂያ አልነበረንም፤ ይህ ዘር ከጠፋ ባልና ሚስቱ አብረው የደከሙበት ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ዶክተር ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሻያቸውን ግን አልቀየሩም።

አንድ ቀን ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑ "በሞታችን ይብሉ" አለ።

በሞቴ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እንግዳ የሚግደረደረውም የሚሞት እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። እነዚህ ግን እያሉት ይሞቱ ነበር።

ዶክተር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ትርሲት፣" አሉኝ፣ "ከልሳኔ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የኖርነው። ብቻዬን ልቆርስ ስል እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ደግሞስ ከበላሁ ለመድኩት ማለት አይደል?"

ሳህኑ መለሰላቸው።

"ጋሼ እኛንም ናፍቀውናል፣" አለ። "ግን ርቦናል።"

ላቦራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ የለጠፉት ራሳቸው ዶክተር ናቸው። ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሽሮ ነበር። ዶክተር ጓንታቸውን አወለቁ፣ ታጠቡ፣ ትንሽ ቆረሱና ጎረሱ። ለረጅም ጊዜ አኘኩት። ሲውጡት አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

በሳህኑ ውስጥ ያለው ምግብ ወዲያው ከጠርዙ መጉደል ጀመረ።

"ይበቃኛል፣" አሉ ዶክተር።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣" አለ ሳህኑ።

ክዳኑ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ከውስጡ ነጭ፣ እርጥብ፣ ከሕፃን እጅ የምታንስ እጅ ተነሳች። ከምሳ ዕቃዬ ቆረሰች፣ ሽሮውን አጠቀሰች፣ ጠቅልላም ወደ ላይ ዘረጋች። ሁለተኛ እጅ ተከትላ ወጣችና እንዳይንጠባጠብ መዳፏን ከሥር ያዘች። ተማሪዎቻቸውን ሁሉ "እዚህ ቤት አፋችሁን የሚነካ ነገር እንዳይኖር" እያሉ ያስተማሩት ዶክተር ምንትዋብ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸውንም ከፈቱ።